ተማሪ ሲያስብ እንዴት ይደመጣል? ጮክ ብሎ የማሰብ ክፍለ ጊዜን ለማካሄድ የሚረዳ የአሠራር መመሪያ

አንዲት ተማሪ በቃላት የቀረበ የሒሳብ ጥያቄ ተሳስታ ስትመልስ በደብተሯ ላይ የምናገኘው የሐሳቧን መጨረሻ ብቻ ነው። ከጥያቄው ንባብ እስከ መልሱ ያለው መንገድ፣ ማለትም የትኛውን ቃል ይዛ እንደ ተነሣች፣ የት ላይ እንደ ተጠራጠረች፣ ምን ጀምራ እንደ ተወች፣ ከወረቀቱ አይነበብም። ስለዚህ መምህሩም ሆነ ወላጁ የሚያርመው በግምት ነው። ማባዛት አቅቷት ነው ብሎ የማባዛት ልምምድ ያበዛባታል፤ እሷ ግን ማባዛቱን በሚገባ እያወቀች የተሳሳተችው አንድ «ያንሳል» የሚል ግሥ ስታነብ ሊሆን ይችላል።

ይህ መመሪያ ያንን የማይታየውን መንገድ ለመስማት የሚያስችል አንድ ዘዴ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያስረዳል። ዘዴው ጮክ ብሎ ማሰብ ይባላል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ አለን ኒውል እና ኸርበርት ሳይመን በፒትስበርግ ከተማ ባካሄዱት ምርምር፣ ሰዎች የአመክንዮና የስሌት ጥያቄዎችን ሲፈቱ የሚናገሩትን ቃል በቃል እየጻፉ የሰው ልጅ ችግር አፈታት ምን ዓይነት እርምጃዎች እንዳሉት ተከታትለዋል፤ ሥራቸውንም በ1972 አሳትመዋል። ከዚያ በኋላ ሳይመን ከአንደርስ ኤሪክሰን ጋር በ1980 እና በ1984 ባወጧቸው ጽሑፎች የዘዴውን ሕግጋት በዝርዝር አስቀምጠዋል። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ዘዴው ከቤተ ሙከራ የወጣ ቢሆንም የሚጠይቀው አንድ ጸጥ ያለ ክፍል፣ ወረቀት፣ እርሳስ፣ ድምፅ የሚቀዳ ስልክና 40 ደቂቃ ያህል ጊዜ ብቻ ስለሆነ፣ በመምህር፣ በአስጠኚ ወይም በወላጅ እጅም ሊሠራበት ይችላል።

ከመጀመር በፊት መታወቅ ያለበት አንድ ነገር

ሰው በሚያስብበት ቅጽበት በአእምሮው ፊት የሚይዘው ነገር ጥቂት ነው። ያ በቅጽበቱ የተያዘው ነገር በቃል ሊወጣ ይችላል፤ ካለፈ በኋላ ግን ብዙው ይጠፋል። ስለዚህ ተማሪዋን ሥራዋን ከጨረሰች በኋላ «ለምን እንዲህ አደረግሽ?» ብንላት የምትነግረን ያሰበችውን ሳይሆን፣ ያሰበችው ሊሆን ይችላል ብላ አሁን የምትገነባውን ምክንያት ሊሆን ይችላል። ይህን የምታደርገው ለመዋሸት አይደለም፤ እኛ ሁላችን የምናደርገው ነው።

ኖርማን ማየር በ1931 ያሳተመው ሙከራ ይህን በግልጽ ያሳያል። ከጣሪያ ሁለት ገመዶች ተንጠልጥለዋል፤ ተፈታኙ ጫፋቸውን እንዲያገናኝ ይጠየቃል፣ ግን አንዱን ይዞ ሌላውን መድረስ አይችልም። መፍትሔው በአንዱ ገመድ ጫፍ ከባድ ነገር አስሮ ማወዛወዝና ሌላውን ይዞ ሲመጣ መቀበል ነው። ፈታኙ ላቃታቸው ሰዎች በአጠገብ የሚያልፍ መስሎ ገመዱን ነካ አድርጎ ያወዛውዘዋል፤ ብዙዎቹም ወዲያው መፍትሔውን ያገኛሉ። ሐሳቡ እንዴት እንደ መጣላቸው ሲጠየቁ ግን አብዛኞቹ የተወዛወዘውን ገመድ ፈጽሞ አላነሡም። ሪቻርድ ኒስቤት እና ቲሞቲ ዊልሰን በ1977 ይህንና መሰል ማስረጃዎችን ሰብስበው፣ ሰው ስለ ገዛ ሐሳቡ ምክንያት የሚሰጠው ማብራሪያ ብዙ ጊዜ ከውስጥ የታየ ሳይሆን የተገመተ መሆኑን አሳይተዋል። የዘዴው ዋና ሕግ የሚመነጨው ከዚህ ነው፦ ሐሳቡን በሚፈስበት ጊዜ ያድምጡ፣ ምክንያቱን ግን አይጠይቁ።

አንደኛ፦ ጥያቄውን ይምረጡ

ጥያቄው ለተማሪዋ በጣም ቀላል ከሆነ መልሱ ከትውስታ በቀጥታ ስለሚወጣ የሚደመጥ ነገር አይኖርም። ሰባት በስምንት ስንት እንደሆነ የምታውቅ ልጅ «56» ከማለት በቀር የምትናገረው የላትም። በጣም ከባድ ከሆነም ዝም ትላለች። ሁለት ወይም ሦስት እርምጃ የሚጠይቅ፣ ግን እያንዳንዱ እርምጃ ብቻውን የማያቅታት ጥያቄ ይፈልጉ።

እንቆቅልሽን ለዚህ ሥራ አይጠቀሙ። «እንቆቅልሽ?» «ምን አውቅልሽ» ብለን ያደግንበት ጨዋታ ለአእምሮ ትልቅ ምግብ ነው፤ ነገር ግን መልሱ የሚመጣው ድንገት፣ እንደ መብረቅ ብልጭታ ስለሆነ በመንገዱ ላይ የሚነገር እርምጃ የለውም። ከዚህም በላይ ጆናታን ስኩለርና ባልደረቦቹ በ1993 ባሳተሙት ጥናት እንዲህ ያሉ በድንገተኛ ማስተዋል የሚፈቱ ጥያቄዎችን እየተናገሩ መሥራት የመፍታት ዕድልን እንደሚቀንስ አግኝተዋል፤ ደረጃ በደረጃ በሚሠሩ ጥያቄዎች ላይ ግን ይህ ጉዳት አልታየም።

ነብር፣ ፍየልና ቅጠል ወንዝ የማሻገሩ ጥያቄ ግን በእንቆቅልሽ መልክ ቢነገርም ከዚህ የተለየ ነው፤ ለመጀመሪያ ልምምድ ከሁሉ የተሻለም ይመስለኛል። ጀልባው ከሰውየው ጋር አንዱን ብቻ ይይዛል፤ ነብሩ ከፍየሏ፣ ፍየሏም ከቅጠሉ ጋር ያለ ሰው ሊቀሩ አይችሉም። ይህ ጥያቄ በተኩላ፣ በፍየልና በጎመን ስም በመካከለኛው ዘመን በላቲን በተጻፈ የሒሳብ ጥያቄዎች ስብስብ ውስጥም ይገኛል። መፍትሔው 7 ጉዞ አለው፤ አስቸጋሪው አራተኛው ነው፤ ምክንያቱም በዚያ ጉዞ የተሻገረችው ፍየል ተመልሳ መምጣት አለባት። ሰው ወደ ግቡ የሚያቀርበውን እርምጃ ብቻ ስለሚመርጥ፣ ከግቡ የሚያርቅ የሚመስለውን እርምጃ ለመውሰድ ይቸገራል። ተማሪዋ በዚህ ቦታ ላይ ስትደርስ የምትናገረውን ያድምጡ፤ «እንዴ፣ ፍየሏን መልሼ ማምጣት አይቻልም እኮ» የሚል ቃል ሊወጣ ይችላል። በጥያቄው ውስጥ እንዲህ ያለ ክልከላ የለም። ክልከላውን የጨመረችው ራሷ ናት፤ ይህንንም ጮክ ብላ ባታስብ ኖሮ ልናውቅ አንችልም ነበር።

ለትምህርቱ የሚሆነውን ዋናውን ጥያቄ ሲመርጡ ደግሞ አንድ ዓይነት ጥያቄዎችን አከታትለው አይስጡ። አብርሃም ሉቺንስ በ1942 ባሳተመው የእንስራ ሙከራ፣ 21፣ 127 እና 3 መስፈሪያ በሚይዙ ሦስት እንስራዎች ተፈታኙ 100 መስፈሪያ ውኃ እንዲለካ ይጠየቃል፤ መፍትሔው ከትልቁ እንስራ አንዴ በ21ዱ፣ ሁለቴ በ3ቱ መቀነስ ነው። በዚሁ ዘዴ የሚፈቱ ጥያቄዎችን አከታትለው የሠሩ ሰዎች 23፣ 49 እና 3 በሚይዙ እንስራዎች 20 እንዲለኩ ሲጠየቁ ያንኑ ረጅም መንገድ ይደግሙታል፤ ከ23 ላይ 3 መቀነስ እንደሚበቃ አይታያቸውም። አምስት ተመሳሳይ ጥያቄ የሠራች ተማሪም በስድስተኛው ላይ የምታሰማን የሐሳቧን ሳይሆን የልማዷን ድምፅ ነው።

በዚህ መመሪያ የምንከተለው ምሳሌ የሚከተለው ነው፦ «በአትክልት ተራ 1 ኪሎ ሽንኩርት 95 ብር ነው። ይህ ዋጋ በሰፈር ጉልት ካለው ዋጋ በ8 ብር ያንሳል። ከሰፈሩ ጉልት 3 ኪሎ ሽንኩርት ለመግዛት ስንት ብር ያስፈልጋል?»

ሁለተኛ፦ የመናገር ፍርሃትን ያስወግዱ

ይህ ደረጃ በውጭ አገር በተጻፉ መመሪያዎች በአንድ አንቀጽ ያልፋል፤ በእኛ ዘንድ ግን ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። ልጆቻችንን የምናሳድገው ሳይጨርሱ እንዳይናገሩ፣ በታላቅ ፊት አንደበታቸውን እንዲቆጥቡ እያስተማርን ነው። «አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም» የሚለው ተረት የሚመክረውም ይህንኑ ነው። ምክሩ ለሸንጎና ለጎረቤት ጨዋታ ይጠቅማል፤ ጮክ ብሎ ማሰብ ግን ተቃራኒውን፣ ያልበሰለና ያልተጣራ ሐሳብን በመምህር ፊት ማፍሰስን ይጠይቃል። ተማሪዋ ይህን እንድታደርግ ፈቃድ እንዳላት በቃልም በአቀማመጥም ሊነገራት ይገባል።

ስለዚህ ፊት ለፊት አይቀመጡ። ከጎኗ ትንሽ ወደ ኋላ ብለው፣ ወረቀቷን ማየት በሚችሉበት፣ እሷ ግን ፊትዎን በማታይበት ቦታ ይቀመጡ። ፊትዎን ካየች እያንዳንዱን ቃሏን በእርስዎ ቅንድብ ትመዝነዋለች። ውጤት የሚሰጥበት ፈተና እንዳልሆነ፣ ትክክል መሆንና መሳሳት እኩል እንደሚጠቅም ይንገሯት። ድምፅ የሚቀዱ ከሆነ ለምን እንደሚቀዱ፣ ማን እንደሚሰማውና መቼ እንደሚጠፋ አስረድተው የእሷንም የወላጆቿንም ፈቃድ ያግኙ። እምቢ ካለች አይጫኗት፤ በእጅ እየጻፉ መከታተል ይቻላል፣ ምንም እንኳ ግማሹ የሚያመልጥ ቢሆን።

ሦስተኛ፦ መመሪያውን ይስጡና ያለማምዷት

ቃላቱ አስፈላጊ ስለሆኑ ሳይቀይሩ እንዲናገሯቸው እመክራለሁ፦ «ጥያቄውን ስትሠሪ በልብሽ የምትይውን ሁሉ ድምፅሽን አውጥተሽ ተናገሪው። ለእኔ ለማስረዳት አትሞክሪ፤ ክፍሉ ውስጥ ብቻሽን እንዳለሽ ቁጠሪውና ለራስሽ ተናገሪ። ቃላት አትምረጪ፣ ዓረፍተ ነገሩ ባይሞላም ግድ የለም።»

«አታስረጂኝ» የሚለው ለጨዋነት የተጨመረ አይደለም። ኤሪክሰንና ሳይመን ሦስት ዓይነት ንግግር ለይተዋል። የመጀመሪያው አስቀድሞ በቃል መልክ በአእምሮ ያለውን ማሰማት ነው። ሁለተኛው በሥዕል ወይም በሌላ መልክ ያለውን ወደ ቃል መመለስ ነው። ሦስተኛው ምክንያት መስጠትና ማብራራት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሥራውን ሊያዘገዩት ይችላሉ እንጂ የሐሳቡን አካሄድ አይለውጡም፤ ሦስተኛው ግን ይለውጠዋል፤ ሰው ሲያስረዳ አብልጦ ስለሚያስብ ሌላ ጊዜ የማይፈታውን ሊፈታ ይችላል። በ2011 የ94 ጥናቶችን ውጤት አንድ ላይ የመረመረ ሥራ ይህንኑ ልዩነት አረጋግጧል። ማስረዳት ለመማር መልካም ነው፤ እኛ ግን በዚህ ሰዓት የምንፈልገው ተማሪዋ ብቻዋን ስትሆን እንዴት እንደምታስብ ማወቅ ነው።

ከዚያም ሁለት ሦስት አጫጭር ልምምዶች ያሠሯት። በተለምዶ የሚሰጡት 24ን በ36 በቃል ማባዛት፣ የ20 እንስሳት ስም መጥራትና «ቤታችሁ ስንት መስኮት አለው?» የሚል ጥያቄ ናቸው። የመስኮቱ ጥያቄ ልዩ ጥቅም አለው፤ መልሱን በቃል የሸመደደው ሰው ስለሌለ ተማሪዋ ቤቱን በሐሳቧ ትዞረዋለች፤ «ሳሎን ሁለት... መኝታ ቤት አንድ... ኩሽናው ትንሿን ልቁጠራት?» ስትል ከሰሙ ዘዴው ገብቷታል። ዝም ብላ ቆይታ «አምስት» ብቻ ካለች ገና ነው፤ በሌላ ጥያቄ ይድገሙት። በዚህ ልምምድ ላይ ቢያንስ 10 ደቂቃ ማጥፋት የሚያስቆጭ አይደለም።

አራተኛ፦ ዝም ይበሉ

ጥያቄውን በወረቀት ስጧት፤ ድምፅዋን አውጥታ እንድታነበውም ይጠይቋት፤ የንባቧ አቆራረጥ ራሱ መረጃ ነውና። ከዚህ በኋላ የእርስዎ ሥራ ዝምታ ነው። «ጎበዝ»፣ «እርግጠኛ ነሽ?»፣ «እስቲ እንደገና እዪው» የሚሉት ሁሉ መልሱን የሚጠቁሙ ምልክቶች ናቸው። እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ደግሞ ሳናውቀው የምናሰማው ሌላ ምልክት አለን፤ ሰው ሲናገር ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ ስበን የምናሰማው የ«አዎ» ድምፅ። ይህም መያዝ አለበት፤ ልክ በሆነ እርምጃ ላይ አሰምተው በተሳሳተው ላይ ቢተዉት ተማሪዋ ልዩነቱን በቅጽበት ታነበዋለች።

ሩብ ደቂቃ ያህል ዝም ካለች በለዘበ ድምፅ «መናገርሽን ቀጥይ» ይበሏት። «ምን እያሰብሽ ነው?» አይበሏት፤ ይህ ጥያቄ ወደ እርስዎ ዞራ ሪፖርት እንድታቀርብ ያደርጋታል፣ ሐሳቧም ይቋረጣል። ስትሳሳት እያዩ ዝም ማለት ለመምህር እጅግ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። እኔም በመጀመሪያዎቹ ክፍለ ጊዜዎች አልቻልኩም ነበር፤ ቀረጻውን መልሼ ስሰማ ከተማሪው ይልቅ የራሴ ድምፅ ይበዛ ነበር። ያገዘኝ እርሳስ ይዞ መጻፍ ነው፤ እጅ ሲሠራ አፍ ያርፋል።

አምስተኛ፦ ወዲያው አንድ ጊዜ ብቻ ይጠይቁ

ስትጨርስ መልሱን ሳያርሙ «ከመጀመሪያው አንሥቶ የሚታወስሽን በቅደም ተከተል ንገሪኝ» ይበሏት። በትውስታዋ የሚቀረው ትኩስ ስለሆነ በሥራው መካከል ያልተነገረ አንዳንድ ነገር ይገኛል። ከዚህ አልፎ «ለምን ቀነስሽ?» ማለት ወደ ማየር ገመድ መመለስ ነው።

ስድስተኛ፦ ንግግሩን ይጻፉና ይቁረጡ

ቀረጻውን በዚያው ቀን ያዳምጡና ቃል በቃል ይጻፉት። «እ...»፣ «ቆይ»፣ «አይደለም አይደለም» የሚሉትን አይዝለሉ፤ አንባቢ እንዲያምርበት አያስተካክሉ፤ ረዘም ያለውን ዝምታም በሰከንድ ምልክት ያድርጉበት። ከዚያም ንግግሩን በየሐሳቡ ቆርጠው እያንዳንዱን ሐረግ በአንድ መስመር ያስቀምጡና ከጎኑ ምን ዓይነት ሥራ እንደሆነ ይጻፉ፦ አነበበች፣ ተረጎመች፣ አቀደች፣ አሰላች፣ አረጋገጠች። ለአስጠኚ እነዚህ አምስቱ ይበቃሉ።

በሽንኩርቱ ጥያቄ ላይ የአንዲት ተማሪ ንግግር፣ ለምሳሌ ያህል፣ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «አንድ ኪሎ 95... በጉልት ካለው ዋጋ በ8 ብር ያንሳል... ያንሳል፣ እሺ፣ 95 ሲቀነስ 8፣ 87... 3 ኪሎ፣ 87 በ3... 21፣ አንዱን እጽፋለሁ ሁለት እይዛለሁ፣ 24፣ 26... 261። ጨርሻለሁ።» የሌላዋ ደግሞ፦ «በ8 ያንሳል... ምኑ ነው የሚያንሰው? ይህ ዋጋ ማለት የአትክልት ተራው። እሱ ካነሰ ጉልቱ ይወደዳል... ይበዛል። 103። በ3፣ 309። ጉልት ከአትክልት ተራ መወደዱ ልክ ነው።»

ሁለቱን በምልክት ስናስቀምጣቸው የመጀመሪያዋ ከ«አነበበች» በቀጥታ ወደ «አሰላች» ዘላለች፤ «ተረጎመች» የሚል መስመር የላትም። ስሌቷ እንከን የለውም። ሁለተኛዋ ሦስት ጊዜ ተርጉማለች፤ በመጨረሻም ከምታውቀው ዓለም፣ ከእናቶች ገበያ ጋር አመሳክራ አረጋግጣለች። ለመጀመሪያዋ ተማሪ የማባዛት ልምምድ መስጠት የጤነኛውን እግር ማሸት ነው።

ሰባተኛ፦ የቃላቱን ሥራ ለይተው ይመልከቱ

እንዲህ ያለው ስሕተት የግለሰብ ቸልተኝነት ብቻ አይደለም። ሪቻርድ ሜየርና ባልደረቦቹ በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ ባደረጉት ተከታታይ ጥናት፣ «ያንሳል» የሚል ቃል ይዞ መደመርን የሚጠይቅ፣ ወይም «ይበልጣል» ብሎ መቀነስን የሚጠይቅ ጥያቄ፣ ቃሉና ስሌቱ ከሚስማሙበት ጥያቄ ይልቅ በጣም ያሳስታል። በ1995 ከሜሪ ሄጋርቲ ጋር ባሳተሙት ሥራ ደግሞ የዓይን እንቅስቃሴን ተከታትለው፣ የሚሳሳቱት ሰዎች ደጋግመው የሚመለሱት ወደ ቁጥሮቹና ወደ ማነፃፀሪያው ቃል መሆኑን፣ የሚሳካላቸው ግን ወደ ነገሮቹ ስም፣ በእኛ ምሳሌ ወደ «ጉልት» እና «አትክልት ተራ»፣ እንደሚመለሱ አሳይተዋል። ቁልፍ ቃል እያሠመሩ እንዲሠሩ የሚመክረው የክፍል ውስጥ ልማድ ጉዳቱ ከጥቅሙ እንደሚበልጥ የማምነው በዚህ ምክንያት ነው።

ቃል ትርጉሙን ጥሎ ሲሄድ ምን ያህል እንደሚያርቅ በፈረንሳይ አገር በግሬኖብል ከተማ የተደረገና ውጤቱ በ1980 የታተመ አንድ ምርመራ ያስታውሰናል። ለ97 ሕፃናት «በአንድ መርከብ ላይ 26 በጎችና 10 ፍየሎች አሉ፤ የመርከቡ አዛዥ ዕድሜው ስንት ነው?» የሚል ጥያቄ ቀረበላቸው፤ 76ቱ ቁጥሮቹን አሰልተው መልስ ሰጡ። በተማሪዋ ንግግር ውስጥ ስለ ነገሩ አንድም ቃል ሳይኖር ቁጥር ብቻ ከተሰማ የመርከቡ አዛዥ ዕድሜ እየተሰላ ነው ብሎ መጠርጠር ይገባል።

አማርኛ በዚህ ላይ የራሱ ጠባይ አለው። ግሡ በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ስለሚመጣ ከጆሮ የሚቀረው የመጨረሻው ቃል «ያንሳል» ነው፤ ማን ከማን እንደሚያንስ የሚናገረው ግን በመካከል ያለው ትንሹ «ከ» ነው። ተማሪዋ ስታነብ «ከ»ን ትጥላለች ወይስ ትይዛለች የሚለውን በቀረጻው ላይ ልብ ይበሉ። «በሦስት እጥፍ ይበልጣል» የሚለው አነጋገርም ለአንዱ ሦስት ጊዜ ማለት ሲሆን ለሌላው ሦስት ጊዜ ተጨምሮበት፣ ማለትም አራት ጊዜ ማለት ነው፤ ጥያቄው ራሱ አሻሚ ከሆነ ጥፋቱ የጠያቂው ነውና ይለውጡት። የሰዓት ጥያቄም እንዲሁ ነው፤ በአገራችን አቆጣጠር 2 ሰዓት ጠዋት ያለውን ልጅ ከውጭ መጽሐፍ የተገለበጠ «8 ሰዓት ጠዋት» ሊያደናግረው ይችላል፣ ምንም እንኳ መቀነሱን ቢያውቅም።

የትኛውን ቋንቋ ትናገር የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይነሣል። መልሴ፦ የመጣላትን። በኢትዮጵያ ከ1994ቱ የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ ሲሰጥ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ይሆናል፤ ስለዚህ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ስትቆጥር በአንዱ፣ ቀመር ስትጠራ በሌላው ብትናገር የሚያስደንቅ አይደለም። ኤሊዛቤት ስፔልኪ እና ሳና ፂቭኪን በ2001 ባሳተሙት ጥናት፣ ሩሲያኛና እንግሊዝኛ የሚናገሩ ሰዎች አዲስ የተማሩትን ትክክለኛ ስሌት የሚያስታውሱት በተማሩበት ቋንቋ ሲጠየቁ ፈጥነው ነው፤ በግምታዊ ስሌት ላይ ግን ቋንቋው ለውጥ አላመጣም። በአሜሪካ ወይም በእስራኤል ያደገ ልጅ ከወላጆቹ ጋር በአማርኛ እያወራ ማባዛቱን በእንግሊዝኛ ወይም በዕብራይስጥ የሚያጉረመርመው ለዚህ ነው፤ «በአማርኛ ቁጠር» ብሎ ማቋረጥ ለቋንቋው የሚጨምረው የለም፣ ስሌቱን ግን ያሰናክላል። ቋንቋ የቀየረበትን ቦታ በጽሑፉ ላይ ምልክት ያድርጉበት እንጂ ከአንድ ቅያሪ ተነሥተው ድምዳሜ ላይ አይድረሱ።

ስምንተኛ፦ ጊዜው የት እንደ ጠፋ ይቁጠሩ

የሒሳብ ትምህርት ተመራማሪው አለን ሾንፌልድ እንዲህ ያሉ ጽሑፎችን በሰዓት መስመር ላይ አስቀምጦ ሲያነጻጽራቸው፣ ጀማሪዎች ጥያቄውን በፍጥነት አንብበው አንድ መንገድ ይይዙና ጊዜው እስኪያልቅ በዚያው ይነጉዳሉ፤ ባለሙያው ግን ብዙውን ጊዜውን የሚያጠፋው በመረዳት ላይ ነው፤ በየመካከሉም «ይህ ያዋጣኛል?» እያለ ይቆማል። እርስዎም ንግግሩ ላይ የደቂቃ ምልክት ካደረጉ ይህን በቀላሉ ያዩታል። ተማሪዋ «ቆይ» ያለችባቸውን ቦታዎች ይቁጠሩ፤ ከ«ቆይ» በኋላ መንገድ ለውጣ እንደሆነም ይመልከቱ።

ዘጠነኛ፦ እርዳታውን በሌላ ቀን ይስጡ

አሁን ማስረዳት የሚገባበት ጊዜ ነው። ሚሼሊን ቺ እና ባልደረቦቿ በ1989 እንዳሳዩት፣ የተሠራ ምሳሌ ሲያነቡ እያንዳንዱን እርምጃ ለራሳቸው የሚያብራሩ ተማሪዎች ከማያብራሩት አብልጠው ይማራሉ። ስለዚህ ቀደም ሲል የከለከልነውን ጥያቄ አሁን እንጠይቃለን፦ «ይህ ዋጋ» የሚለው የማን ዋጋ ነው? ዓረፍተ ነገሩን የጉልቱን ዋጋ አስቀድመሽ በራስሽ ቃል ንገሪኝ። የመጀመሪያዋ ተማሪ «የጉልቱ ዋጋ ከአትክልት ተራው በ8 ብር ይበልጣል» ማለት ከቻለች ስሌቱን ማንም ሳይነግራት ታስተካክለዋለች። ካልቻለች ሁለት መስመር፣ አንዱን አጭር አንዱን ረጅም፣ እንድትሥልና በየትኛው ላይ «ጉልት» ብላ እንደምትጽፍ እንድትወስን ያድርጉ።

በአንድ ሳምንት ውስጥ ይህን ልምምድ በአጭር በአጭሩ ሦስት ጊዜ ያህል ማድረግ በአንድ ቀን ረጅም ሰዓት ከመቀመጥ ይሻላል። ሁለት ሳምንት ካለፈ በኋላ መዋቅሩ ተመሳሳይ፣ ልብሱ የተለየ ጥያቄ ይስጧት፤ ለምሳሌ፦ «የታናሽየው ቁመት 124 ሳንቲ ሜትር ነው። ይህ ከጎረቤቱ ልጅ ቁመት በ9 ሳንቲ ሜትር ይበልጣል። የሁለቱ ልጆች ቁመት ድምር ስንት ነው?» መልሱ 239 ነው፤ «ይበልጣል»ን ተከትላ የደመረች ግን 257 ትላለች። ይህንንም እንደ በፊቱ ከጎኗ ትንሽ ወደ ኋላ ተቀምጠው፣ እርሳስ ይዘው፣ ዝም ብለው ያድምጡት። ሁለቱን ጽሑፎች ጎን ለጎን ካስቀመጡ በኋላ «ተረጎመች» የሚሉት መስመሮች በዝተው እንደሆነ ይቁጠሩ፤ ቀረጻዎቹንም ቃል በገቡት ቀን፣ ተማሪዋ እያየች፣ ከስልክዎ ያጥፏቸው።